ሰዓቱ ምን ይላል? ስለ ጥንት የኪስ ሰዓቶች ወጥነትና ዋጋ
(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



ዛሬ የምናገርበት ዕቃ በመዳፍ ውስጥ የሚገባ ነው። ይሁን እንጂ የሚያስነሣው ጥያቄ በየዕለቱ ከሰነድና ከቅርስ ጋር ስንታገል የሚገጥመን ጥያቄ ነው፤ ይህ ነገር እውነት ነኝ እንደሚለው ነውን? ከሆነስ ዋጋው በምን ይለካል? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት በቤተሰብ ምክንያት ነው። አያቴ የድሬዳዋ ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ከእሳቸው የቀረልን አንድ የኪስ ሰዓት ነው፤ በጀርባው ክዳን ላይ የባቡር ምስል ተቀርጾበታል። በቤታችን ሲነገር የኖረው «ኩባንያው ለአገልግሎታቸው የሸለማቸው የብር ሰዓት» ተብሎ ነው። አባቴ ካረፉ በኋላ ወንድሞቼና እኅቶቼ ንብረቱን ስንከፋፈል ሰዓቱ ላይ ደረስን። «አንተ የተማርህ ነህ፤ መርምረህ ዋጋውን ንገረን» ተባልሁ። ዛሬ የማወራችሁ ያን ምርመራና በምርመራው የሠራሁትን ስሕተት ነው።

የኪስ ሰዓት ሲመረመር ሦስት ክፍሎቹ ለየብቻ ይታያሉ፤ ማሽኑ፣ ገጹና ቤቱ። ወጥ ነው የሚባለው ሦስቱ ከመጀመሪያው አብረው የኖሩ ሲሆኑ ነው። ነገር ግን «አብሮ መኖር» የሚለው ቃል በየአገሩ ትርጉሙ ይለያያል። በአሜሪካ እንደ ዋልተምና ኤልጂን ያሉ ፋብሪካዎች በአብዛኛው ማሽኑን ብቻ ይሸጡ ነበር፤ ገዢው ቤቱን ከሌላ ፋብሪካ ሥራ መርጦ በሱቁ ያስገጥም ነበር። ስለዚህ በአሜሪካ ሰዓት የቤቱና የማሽኑ ቁጥር አለመመሳሰሉ የማጭበርበር ምልክት አይደለም። የተሠራበትን ዘመን ለማወቅ የሚጠቅመውም በማሽኑ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ነው። በአንጻሩ በአንድ ስመ ጥር የስዊስ ቤት ተሟልቶ በተሸጠ ሰዓት ላይ ቁጥሮቹ ካልተስማሙ መጠርጠር ይገባል። አንድ ምልክት በአንድ አገር ንጹሕ፣ በሌላ አገር አጠራጣሪ ሊሆን እንደሚችል ተማሪዎቼ ልብ በሉ።

ከዚህ ቀጥሎ የማዕድኑ ማኅተም ይነበባል። በእንግሊዝ የሚራመድ አንበሳ ከሺህ 925 እጁ ንጹሕ የሆነ ብርን ያመለክታል፤ መልሕቅ የበርሚንግሃም ከተማ የፍተሻ ምልክት ነው፤ አብሮት የሚመታው ፊደል ደግሞ ዓመቱን ይናገራል። በስዊስ ከ1880ዎቹ ወዲህ የሴት ራስ ለ18 ካራት፣ ሽኮኮ ለ14 ካራት ወርቅ ይመታ ነበር። በአሜሪካ ግን እንዲህ ያለ የመንግሥት ፍተሻ አልነበረም። በክዳኑ ውስጥ «ለ20 ዓመት ዋስትና ያለው» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው ወርቅ አገኘሁ ብሎ ይደሰት ይሆናል፤ ጽሑፉ የሚናገረው ግን ከላይ የተለበጠው ስስ የወርቅ ንጣፍ ምን ያህል ዓመት ሳይሟጠጥ እንደሚቆይ ነው።

የማዕድኑ ዋጋ ራሱ የሰዓቱ ጠላት የሆነበት ጊዜም አለ። በ1980 ግድም የወርቅ ዋጋ እጅግ በናረ ጊዜ ብዙ የወርቅ ቤቶች ቀልጠው ማሽኖቻቸው እርቃናቸውን ቀሩ። ከነዚህ አንዳንዶቹ በኋላ በሌላ ቤት ገብተው ለገበያ ቀርበዋል። እንዲህ ያለውን ቅጥል የሚያጋልጠው ትንሽ ነገር ነው፤ በቤቱ ጠርዝ ላይ የዛሬው ማሽን የማያስፈልገው የብሎን ጠባሳ ይታያል፤ ወይም መሙያው ከቀዳዳው ጋር በትክክል አይገጥምም።

ሐሰተኛ ሥራም ከጥንት የነበረ ነው። በፓሪስ ይሠራ የነበረው አብርሃም ሉዊ ብሬጌ በ1823 እስኪሞት ድረስ በስሙ የሚነግዱ አስመሳዮች አላረፉም ነበር። በ1795 ግድም በሰዓቱ ገጽ ላይ ብርሃን በአግድም ካልወደቀበት የማይታይ ረቂቅ ፊርማ መቅረጽ የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በገጹ ላይ ጎልቶ የተጻፈ ታላቅ ስም የምርመራው መነሻ እንጂ መደምደሚያ አይደለም።

አሁን ወደ አያቴ ሰዓት ልመለስ። ክዳኑን ስከፍት የብር ማኅተም አላገኘሁም፤ ቤቱ ኒኬል ነበር። በማሽኑ ውስጥ፣ በደኅና ሰዓት ላይ የሩቢ ድንጋይ በሚገባበት ቦታ፣ ሁለት ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ቆመዋል። ይህ አሠራር የሮስኮፕፍ ዓይነት ይባላል። ጀርመን ተወላጁ ጌኦርግ ፍሬድሪክ ሮስኮፕፍ በስዊስ ተቀምጦ የወዛደሩን አቅም ያገናዘበ፣ ዋጋው 20 ፍራንክ የሆነ ሰዓት በ1867 ለገበያ አቀረበ። ሐሳቡ ስለ ተወደደ አስመሳዮቹ በዙ፤ የባቡር ምስል በጀርባቸው የተቀረጸባቸው ርካሽ ሰዓቶችም በብዙ አገር ተሸጡ። ምስሉ ገዢን ለመሳብ የተቀረጸ ጌጥ ነው። የባቡር አገልግሎት ሰዓት ምን እንደሚመስል ለማወቅ የአሜሪካን ደንብ ማየት ይበቃል። በ1891 በኦሃዮ ግዛት ኪፕተን በተባለ ስፍራ ሁለት ባቡሮች ከተጋጩ በኋላ እየጠበቀ የመጣው ደንብ ቢያንስ 17 ድንጋይ ያለው፣ በአምስት አቀማመጥ የተስተካከለ፣ በሳምንት ከ30 ሰከንድ በላይ የማይዛነፍ ሰዓት ይጠይቅ ነበር። የእኛ ሰዓት ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያሟላም።

በቤተሰቡ ፊት ቆሜ ይህን ሁሉ ዘረዘርሁ፤ በመጨረሻም «ስለዚህ ብርም አይደለም፤ ከኩባንያውም አልተሰጠም» ብዬ ደመደምሁ። አክስቴ እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ሲሰሙኝ ቆዩና «አባቴን ውሸታም አደረግህብኝ ማለት ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ምርመራው ትክክል ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ድምዳሜዬን እንደገና እንዳየው ያስገደደኝ የሌላ ሰው ሰዓት ነው። በ1906 አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ፣ ጆናታን ዲሎን፣ ለጋዜጣ እንዲህ ሲል ተናገረ፤ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1861 በተጀመረበት ሰሞን የፕሬዚዳንት ሊንከንን የኪስ ሰዓት እየጠገንሁ ሳለሁ በማሽኑ ላይ በስውር ጻፍሁ። ነገሩ በዘሩ ዘንድ ሲነገር ኖረ። በ2009 በዋሽንግተን የሚገኘው ብሔራዊ የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ሰዓቱን አስከፈተ። ጽሑፉ በቦታው ተገኘ፤ ቀኑም ሚያዝያ 13 ቀን 1861 ይላል። ቃሉ ግን ሽማግሌው ካስታወሰው ይለያል። ባርነት አከተመ ብዬ ጽፌአለሁ ብሎ ነበር፤ በሰዓቱ ላይ ያለው የፎርት ሰምተር መጠቃትና መንግሥት ስላለን ለእግዚአብሔር የቀረበ ምስጋና ነው። የቃል ታሪኩ በዝርዝሩ ተሳስቷል፤ በዋናው ነገር ግን እውነት ሆኖ ተገኝቷል። የት መክፈት እንደሚገባ ያመለከተውም እሱ ነው።

ያን ጊዜ የራሴ ስሕተት ታየኝ። ሰዓቱ ብር አለመሆኑን መርምሬ አረጋግጫለሁ። አለመሰጠቱን ግን ምንም ነገር አላረጋገጠልኝም። ርካሽ ሰዓትም ይሰጣል። ስለ ማዕድኑ ያገኘሁትን ማስረጃ ስለ ስጦታው ምስክር አድርጌ አቀረብሁት፤ ተማሪ በፈተና ወረቀት ላይ ይህን ቢያደርግ ነጥብ እቀንስበታለሁ።

በአጉሊ መነጽር እንደገና አየሁት። ሰዓት ጠጋኞች በክዳኑ ውስጥ በመርፌ ጫፍ ቁጥርና ቀን የመጫር ልማድ አላቸው። በእኛ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጭረቶች ይነበባሉ፤ ከዚያ በላይ እንደ ነበሩ የሚያመለክት ደብዛዛ ፋናም አለ። ያደበዘዝሁት እኔ ነኝ። በወጣትነቴ ለምረቃ ፎቶግራፍ ይዤው ልቆም ብዬ ውስጡንም ውጭውንም በጥርስ ሳሙና ፈትጌው ነበር። የቀሩት ሦስቱ ግን ይህ ርካሽ ሰዓት ደጋግሞ እንደ ተጠገነ ይመሰክራሉ። በሳጥን ተቆልፎ ለክብር የኖረ ዕቃ አልነበረም፤ ሰው የሚሠራበት ሰዓት ነበር።

ስለ ዋጋ ጥቂት ልበል። ገበያው ወጥነትን፣ ብርቅነትን፣ የአሠራር ምጥቀትንና የባለቤትነት ታሪክን ይከፍላል። ፓተክ ፊሊፕ በ1933 ለሄንሪ ግሬቭዝ ያስረከበው የኪስ ሰዓት 24 ልዩ ልዩ ተግባራት ያከናውናል፤ በ1999 በ11 ሚሊዮን፣ በ2014 ደግሞ በ24 ሚሊዮን ዶላር ግድም ተሸጧል። የታሪክ ክብደት ግን ሽያጭን የሚያግድበት ጊዜም አለ። በ2017 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረ የእጅ ሰዓት በጄኔቫ ለጨረታ ሊቀርብ ሲል ባለቤትነቱ ስላከራከረ ከጨረታው ወጥቷል። የማን እንደ ነበረ ማወቅና ዛሬ ሊሸጠው የሚገባው ማን እንደ ሆነ ማወቅ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

ለተማሪዎቼ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። አሮጌ ዕቃ በእጃችሁ ሲገባ አትፈትጉት፤ ቆሻሻ የመሰላችሁ ምስክር ሊሆን ይችላል። ያያችሁትንና የሰማችሁትን በተለያየ ገጽ ጻፉ፤ አንዱ ሌላውን እንዲሰርዝ አትቸኩሉ። ማስረጃችሁ እስከሚደርስበት ድረስ ብቻ ተናገሩ፤ በተለይ የምትናገሩት በሟች ልጅ ፊት ከሆነ።

አክስቴን ይቅርታ ጠይቄአቸዋለሁ። ኩባንያው ይስጣቸው፣ እሳቸው ይግዙት፣ የሚያስረዳ ወረቀት እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ሰዓቱ በገበያ እዚህ ግባ የሚባል ዋጋ ስለሌለው ለመከፋፈልም አልተመቸም፤ አሁን በአክስቴ ዘንድ ነው። ስጠይቃቸው በሄድሁ ቁጥር አውጥተው ይሰጡኛል፤ እኔም እሞላዋለሁ። ትንሽ ይሄድና ይቆማል።