የቀጨጨውን መለካት፦ የፀጉር መሳሳት በማጉያ ሲታይ



ፀጉሬ ሳሳብኝ ብሎ ሐኪም ዘንድ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ማስረጃውን ይዞ ይመጣል፤ ማበጠሪያው ላይ የቀረውን፣ ትራሱ ላይ ያገኘውን በፌስታል ጠቅልሎ። ጭንቀቱን ማቃለል አይገባም። ነገር ግን ጤነኛ ራስም በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ያረግፋልና ርጋፊው ስለ በሽታው የሚነግረን ጥቂት ነው። በዘር የሚመጣው የፀጉር መሳሳት፣ ወንዱን ከግንባሩና ከአናቱ የሚያራቁተው፣ ሴቷን መሐል አናቷ ላይ የሚያሳሳው፣ ከመርገፍ ይልቅ የመቀጨጭ በሽታ ነው። የረገፈው መልሶ ይበቅላል፤ ዳሩ ግን ዳይሃይድሮቴስቶስተሮን የተባለው ሆርሞን የማደጊያ ጊዜውን እያሳጠረበት በየዙሩ ቀጥኖና አጥሮ ይመለሳል። ከ0.06 ሚሊሜትር በላይ የነበረው ውፍረት ውሎ አድሮ ከ0.03 በታች ይወርዳል። ስለዚህ የበሽታውን ክብደት ማወቅ የሚሻ ሰው የረገፈውን ትቶ የቀረውን ይለካ እላለሁ።

ለብዙ ዘመን የለካነው በዐይን ነው። ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1951 አውጥቶት ኖርዉድ በ1975 ያሻሻለው ባለ 7 ደረጃ መለኪያ ለወንዶች፣ ሉድቪግ በ1977 ያቀረበው ባለ 3 ደረጃ ደግሞ ለሴቶች እስካሁን ያገለግላሉ። መላጣነቱ ከሩቅ ለሚታይ ሰው በቂ ናቸው፤ እኔም አልጥላቸውም። የሚቸገሩት መነሻው ላይ ነው። የራስ ቆዳ ለዐይን መጋለጥ ሲጀምር ብዙው ፀጉር ቀድሞ ቀጭጯል።

ደርሞስኮፕ የራሱ መብራት ያለው ማጉያ ነው። በእጅ የሚያዘው 10 እጥፍ ያጎላል፤ ከኮምፒውተር ጋር የሚሠራው 70 እጥፍና ከዚያ በላይ ይደርሳል። አስቀድሞ የታወቀው የቆዳ ካንሰርን ከተራ ጥቁር ነጥብ በመለየት ነበር። ለፀጉርና ለራስ ቆዳ ሲውል ትሪኮስኮፒ እንዲባል በ2006 ሐሳብ ያቀረቡት ፖላንዳውያኑ ሐኪሞች ሩድኒትስካና ኦልሼቭስካ ናቸው።

በዚህ መሣሪያ ስናይ ምን እንፈልጋለን? መጀመሪያ የውፍረት ልዩነትን ነው። ወፍራም፣ መካከለኛና ብናኝ የመሰለ ፀጉር ጎን ለጎን ሲታይ፣ ልዩነቱም ከ20 በመቶው በላይ በሆነው ፀጉር ላይ ሲገኝ፣ በሽታው መኖሩን አጥብቀን እንጠረጥራለን። ቀጥሎ ከአንድ ቀዳዳ ስንት ፀጉር እንደሚወጣ እንቆጥራለን፤ 2፣ 3፣ አንዳንዴም 4 ሆኖ መውጣት የነበረበት ብቻውን ይቀራል። ራኮቭስካና ባልደረቦቿ በ2009 ለሴቶች ባወጡት መስፈርት፣ በግንባር በኩል ካለው ፀጉር ከ10 በመቶ በላዩ ከ0.03 ሚሊሜትር የቀጠነ ከሆነ እንደ ዋና ምልክት ይቆጠራል።

ከሁሉ የማደንቀው ግን የግንባሩን ፀጉር ከኋላው ጋር ማነጻጸሩን ነው። ከማጅራት በላይ ያለው የኋላ ራስ ፀጉር ለሆርሞኑ እምብዛም አይበገርም፤ ፀጉር የሚተክሉ ሐኪሞችም ከዚያ የሚወስዱት ስለዚህ ነው። እናም እያንዳንዱ ሰው የገዛ መለኪያውን ከኋላው ተሸክሞ ይዞራል። ግንባሩን ከጎረቤቱ ወይም ከመጽሐፍ ሥዕል ጋር ማስተያየት አያስፈልግም። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፤ ሁሉም ፀጉር በቀጨጨበት ራስ ላይ የውፍረቱ ልዩነት መልሶ ሊጠብ ይችላል። ልዩነቱ አነስተኛ ነውና በሽታው ቀላል ነው ብሎ መደምደም ያሳስታል። እዚያ ላይ የሃሚልተንና የኖርዉድ ዐይን ከማጉያው ይበልጣል።

አሁን ወደ እኛ ራስ እንምጣ። በመጽሐፍ ከሰፈሩት ምልክቶች ብዙዎቹ የተጻፉት ነጣ ያለ ቆዳ ታይቶ ነው። በፀጉሩ መውጫ ዙሪያ የሚታየው ቡናማ ክብ በጠቆረ ቆዳ ላይ ይሰወራል፤ ቢጫ ነጥቦችም ይደበዝዛሉ። በአንጻሩ የማር እንጀራ የመሰለው የቀለም መረብና በእኩል ርቀት የተበተኑት ጥቃቅን ነጭ ነጥቦች በጥቁር ቆዳ ላይ ጤናማ ናቸው። ነጮቹ ነጥቦች የላብና የፀጉር ቀዳዳዎች ናቸውና ጠባሳ ነው ብሎ ታካሚን ማስደንገጥ ነውር ነው። ስለዚህ በእኛ አገር ይበልጥ የምንተማመነው በውፍረቱና በቁጥሩ ነው።

ሹሩባም አለ። አጥብቆ መጎንጎን ፀጉሩን ከግንባርና ከጆሮ ግንድ ጠርዝ ይነቅላል፤ እዚያው ጠርዝ ላይ ግን አጫጭር ፀጉር እንደ ዘርፍ ተሰልፎ ይቀራል። ይህን በዘር ከሚመጣው መለየት አያዳግትም። የሚያሰጋኝ ከአናት ጀምሮ እየሰፋ ጠባሳ የሚተወው በሽታ ነው። ጥቁር ሴቶችን በብዛት ያጠቃል፤ በሩቁ ሲታይ የሉድቪግን ደረጃ ይመስላል። በማጉያው ግን በፀጉሩ መውጫ ዙሪያ ግራጫ የቀላቀለ ነጭ ክብ ይታያል፤ ቀዳዳዎቹም ይጠፋሉ። ያን ያየ ሐኪም ለፀጉር መሳሳት የሚሰጠውን መድኃኒት ሚኖክሲዲልን አዝዞ ማሰናበት የለበትም፤ ከዚያው ነጭ ክብ ካለበት ቦታ ናሙና ይውሰድ። ቀዳዳው ከጠፋ ፀጉሩ አይመለስም።

የታካሚዋ ዝግጅትም ለውጤቱ ወሳኝ ነው። ሹሩባው ይፈታ፤ ቅቤው ታጥቦ ይውጣ፤ የፀጉር ቀለምና ሂና የራስ ቆዳውን ነጠብጣብ ያደርጉታልና አስቀድሞ ይጠየቅ። ፎቶው ከአፍንጫ ጫፍ በሜትር ተለክቶ በተመዘገበ ቦታ ላይ ይነሳ፤ ከ6 ወር በኋላም በዚያው ቦታ፣ በዚያው ማጉያ ይደገም። ሚኖክሲዲል ከታዘዘ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መርገፉን ሊያባብስ ይችላል፤ ብዙዎችም ያን ጊዜ ደንግጠው ያቆሙታል። ይህ አስቀድሞ ይነገራቸው፤ ሁለቱ ፎቶዎችም ጎን ለጎን ቀርበው የፀጉሩን ውፍረት ታካሚዋ ራሷ ታስተያይ።