ወታደር ሰጥቶ ጊዜ መግዛት፦ የኤቫንስ ጋምቢት በቼዝ ጨዋታ



ጋምቢት የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን፣ መነሻው በትግል ላይ እግር ጠልፎ መጣል ነው። በቼዝ ግን ጠላፊው አስቀድሞ ከራሱ ይከፍላል፤ በመክፈቻው ላይ አንድ ወታደር አሳልፎ ይሰጥና በምትኩ ጊዜና ሥፍራ ይገዛል። የዛሬው ንግግር ዓላማ ይህ ግዢ መቼ እንደሚያዋጣ፣ መቼስ እንደሚያከስር መመርመር ነው።

ለዚህ የኤቫንስ ጋምቢት ጥሩ ምሳሌ ነው። ፈልሳፊው ዊልያም ኤቫንስ በዌልስና በአየርላንድ መካከል ፖስታ የሚያመላልስ መርከብ አዛዥ ነበር፤ ዘዴውን ያፈለቀውም እ.ኤ.አ. በ1824 ገደማ እንደሆነ ይነገራል።

ሁለቱም ወገኖች የንጉሣቸውን ወታደር ገፍተው ፈረስና ጳጳስ ካወጡ በኋላ፣ ነጩ በአራተኛው እርምጃ በንግሥቲቱ ወገን ያለውን የፈረስ ወታደር ሁለት ቤት ገፍቶ ለጥቁሩ ጳጳስ ያቀርባል። ጳጳሱ ሲበላው፣ ነጩ ጎረቤቱን ወታደር አንድ ቤት ገፍቶ ያባርረዋል፤ ቀጥሎም የመካከሉን ሥፍራ በወታደሮቹ ይይዛል። ጥቁሩ አንድ ወታደር አትርፏል። ነገር ግን ጳጳሱ ብቻውን ሦስት ጊዜ ተንቀሳቅሷል፤ ንጉሡ ገና ምሽግ አልገባም፤ ከንጉሡ በቀር ጠባቂ በሌለው ወታደር ላይም የነጩ ጳጳስ አነጣጥሯል።

በ1852 በርሊን ላይ አዶልፍ አንደርሰን ዣን ዱፍሬንን የረታው በዚሁ ጋምቢት ነው። በመጨረሻም ንግሥቲቱን ሳይቀር ሰጥቶ ንጉሡን ማተ፤ ጨዋታውም እስከ ዛሬ «ዘወትር ለምለም» እየተባለ ይጠራል።

መድኃኒቱ የተገኘው ዘግይቶ ነው። ከ1894 እስከ 1921 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ኢማኑኤል ላስከር፣ ትርፉን ወታደር የሙጥኝ ከማለት ይልቅ በአመቺ ሰዓት መልሶ መስጠትን መረጠ። ነጩ ወታደሩን ለማስመለስ ሲል ንግሥቶቹ ይለዋወጣሉ፤ ጥቃቱ ይበርዳል፤ በንግሥቲቱ ወገን የተነጣጠሉት የነጩ ወታደሮችም ለጥቁሩ ዒላማ ይሆናሉ። ከዚያ ወዲህ ጋምቢቱ በታላላቅ ውድድሮች ላይ እምብዛም አይታይም ነበር።

ሆኖም አልሞተም። በ1995 ሪጋ ላይ ጋሪ ካስፓሮቭ ይህንኑ ዘዴ በቪስዋናታን አናንድ ላይ አነሣው። አናንድ ሌላ የመሸሻ ቤት መረጠ፤ ንጉሡ ግን ምሽግ ሳይገባ መካከል ላይ ቀረ፤ በ25ኛው እርምጃም እጁን ሰጠ።

ከእነዚህ ታሪኮች የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በወታደሩ የተገዛው ጊዜ እንደ እርጥብ ሲሚንቶ ነው፤ ሳይደርቅ ካልተሠራበት ዋጋ የለውም። አጥቂው በየእርምጃው አዲስ ኃይል ወደ ሰልፉ ማስገባት አለበት፤ ጥድፊያ ግን ሌላ ነው፤ «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» ይባላልና። ተከላካዩም ያገኘውን ትርፍ ለመመለስ ካልፈቀደ፣ በአንድ ወታደር ምክንያት ንጉሡን ያጣል።