ተራራውን ዞሮ በአንድ ቀን ስለ መመለስ
(በወላጆች ቀን በተማሪዎች የተነገረ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው አንድ ነገር ለመለመን ነው። ከጨፋ ሜዳ በስተ ምዕራብ የቆመውን ተራራ በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ ወጥተን፣ በሸንተረሩ ላይ ተጉዘን፣ በሌላ መንገድ ወርደን ማታውን በየቤታችን እንድንገባ ፈቃዳችሁን እንሻለን። ልመናው ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ባለፈው ዓመት የሆነውን ያልሰማ ሰው በዚህ አዳራሽ የለምና።

የሆነውንም እኛው እንናገረው። ያን ጊዜ ስንሄድ ዝግጅታችን ዳቦና ዘፈን ብቻ ነበር። የተነሣነው ፀሐይ ከሞቀች በኋላ በ3 ሰዓት ነው። ከሸንተረሩ ስንደርስ እግረ ፈጣኖቹ ቀድመው በአንድ የፍየል መንገድ ወረዱ፤ የቀረነው በሌላው ሄድን። ከእኛ ጋር የነበረች የ9ኛ ክፍል እኅታችን የሚንሸራተት ድንጋይ ረግጣ እግሯን ወለም ሲላት፣ ውሃውም ፋሻውም ከቀደሙት ዘንድ ነበር። እየተፈራረቅን ተሸክመናት ሜዳው ስንደርስ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኖ ነበር፤ እናቶቻችንም ባትሪ እያበሩ ከተራራው ግርጌ ስማችንን ይጣሩ ነበር። ከእነርሱ አንዲቱ እስከ ዛሬ ድረስ ስለዚያች ሌሊት አንድ ቃል አልተናገሩንም። ከቁጣ ይልቅ ይህ ዝምታ ከብዶናል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተከራክረን አንድ ነገር ተረድተናል። በሄዱበት መመለስና ዞሮ መመለስ አንድ አይደሉም። በሄደበት የሚመለስ ሰው መንገዱን ያውቀዋል፤ ቢደክመውም ከየትኛውም ስፍራ ፊቱን ያዞራል። ዞሮ የሚመለስ ግን ሸንተረሩን ይዞ አንዴ ከራቀ ከኋላው ገደል፣ ከፊቱ ያላየው አገር ነው፤ ግማሹን ካለፈ ወዲያ ቢጸጸት እንኳ መመለሱ ከመቀጠሉ አያጥርም። እንግዲህ «እንለፍ ወይስ እንመለስ» የሚለው ነገር መቆረጥ ያለበት ሸንተረሩ ላይ እንደ ወጣን፣ የመጣንበት መንገድ ገና ከእግራችን ሥር ሳለ ነው። እኛ ባለፈው ዓመት እዚያ ቦታ ላይ የተነጋገርነው ማን ቀድሞ እንደ ደረሰ ነበር።

በየትኛው ወገን እንውጣ፣ በየትኛውስ እንውረድ በሚለው ክፍላችን ለሁለት ተከፈለ። ወደ ሜዳው የዞረው ፊት ቀጥ ያለና ገላጣ ነው፤ ምሥራቅን ስለሚያይም የማለዳ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ታርፍበታለች። ሌላው መንገድ ረዥምና ልል ነው፤ ከብቶችም ይወጡበታል። እኩሌቶቻችን «በረዥሙ ወጥተን፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ ሲያርፍበት በቀጥታው እንውረድ» አልን። አሳቡ መልካም ይመስል ነበር። ሆኖም «ኦቦ» እያልን የምናከብራቸው አንድ ከብት ጠባቂ ሽማግሌ ሲሰሙን ሳቁና፣ «ስትወጡ ድንጋዩ ከፊታችሁ ነው፤ ስትወርዱ ግን ከእግራችሁ በታች ነው፤ ጉልበታችሁም ያን ጊዜ የእናንተ አይደለም» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ እኅታችን የወደቀችው ስትወርድ ነበር። ስለዚህ በቀጥታው ወጥተን በልሉ እንወርዳለን፤ ፀሐዩንም በማለዳ መነሣት እንቀድመዋለን።

አሁን ወደ ስሌቱ እንምጣ። (ሒሳብ የሚጠሉ ጓደኞቻችን ትንሽ ይታገሡን።) መለኪያው 1 ለ50,000 በሆነ ካርታ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር በመሬት 1 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱን ተከትለን ክር ዘረጋንና ለካነው፤ ጠመዝማዛውን ክር ሁሉ ስለማይከተለው ጥቂት ጨመርንበትና 15 ኪሎ ሜትር አልነው። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 1,450 ሜትር ግድም ሲሆን፣ ከዚያ የምንወጣው ዳገት 900 ሜትር ያህል ነው። ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ በ1892 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አንድ ደንብ አውጥቶ ነበር፤ ወደ ሜትር ሲመነዘር ለ5 ኪሎ ሜትር መንገድ አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ዳገት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት አስብ ይላል። በዚህ ደንብ ለመንገዱ 3 ሰዓት፣ ለዳገቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ በጠቅላላው 4 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ነገር ግን ደንቡ ዕረፍት ለማያበዛ ብርቱ ሰው የተሰፋ ልብስ ነው፤ እኛ ከ9ኛ ክፍል ልጆች ጋር ስለምንሄድ እጥፍ አድርገን 9 ሰዓት ይዘናል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ብንነሣ በ5 ሰዓት ከሸንተረሩ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ደግሞ ከሜዳው እንደርሳለን ማለት ነው። በኅዳር ፀሐይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጥቂት ቀደም ብላ ስለምትጠልቅ ለሚያጋጥመን ነገር ሁሉ ወደ 3 ሰዓት የሚጠጋ ብርሃን ይተርፈናል። እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ሸንተረሩን ካልያዝን ግን፣ ጫፉ የድንጋይ ውርወራ ያህል ቢቀርበን እንኳ፣ በወጣንበት ቀስ ብለን እንመለሳለን። ይህን ቃል ሁላችንም ፈርመንበታል።

ውሃ ለየራሳችን 3 ሊትር እንይዛለን፤ ክብደቱ 3 ኪሎ ነው፣ ማማረር ክልክል ነው። ስንቁ ዳቦ ቆሎና በሶ ነው። አየሩ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ ከላይ ነፋሱ ላብ ላይ ሲያርፍ ይጎዳልና ሹራብ አይቀርም። አዲስ ጫማ የሚያደርግ አይሄድም። ፋሻው በሁለት ተከፍሎ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ይሆናል፤ ከኋለኛው ሰው ፊት እንጂ ከኋላው ማንም አይቀርም። ነጎድጓድ ከተሰማ በገላጣው ሸንተረር ላይ አንቆምም፤ ከብልጭታው እስከ ድምፁ 3 ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ነውና።

የቀረው ከሁሉ የሚከብደው ነው። አካባቢያችን በ2013 ዓ.ም. ያየውን መከራ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ እስከ ከሚሴ መድረሱን ለእናንተ መንገር አይገባንም። ስለዚህ በሳምንቱ መጀመሪያ ቀበሌውን፣ በዋዜማው ደግሞ በተራራው ሥር የሚኖሩትን ሽማግሌዎች እንጠይቃለን፤ ከሁለቱ አንዱ «ተዉ» ካለን ሳንከራከር እንቀራለን። በመንገድ ላይ የምናየውን ያልታወቀ ብረት አንነካም፣ አንረግጥም፤ ቦታውን አስታውሰን ለቀበሌው እንናገራለን እንጂ። ማሽላ በሚጠበቅበት ወራት ስለምንሄድም በየማማው የተቀመጡትን ጠባቂዎች ሰላም ብለን፣ ስንት እንደ ሆንንና በየት እንደምንወርድ ነግረናቸው እናልፋለን። ከማማ ላይ ሆኖ ወፍ የሚቆጥር ሰው እኛን መቁጠር አያቅተውም።

የስማችን ዝርዝር፣ የመንገዱ ሥዕልና ሰዓቶቹ በሦስት ወረቀት ተጽፈዋል። አንዱ ከመምህራችን ዘንድ፣ አንዱ ከቀበሌው ይቀመጣል። ሦስተኛውን ከተራራው ግርጌ ከነበሩት እናቶች አንዲቱ፣ ያልተናገሩን እናት፣ ቢይዙልን ደስ ይለናል፤ እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ካልታየን ሰው እንዲልኩ በወረቀቱ ላይ ተጽፏል። የፈቃዱ ወረቀት በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። የማይፈርም ወላጅ ቢኖር ልጁን በክፍል ማንም አይጠይቀውም።