የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ዕድሜው ስለሚረዝምበትና ስለሚያጥርበት ምክንያት፤ በወንጪ ለመምህራንና ለሽማግሎች የተነገረ



ዛሬ ልነግራችሁ የተነሣሁበት ነገር አንድ ጥያቄ ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚታደለው ለሁሉ በእኩል ሲሆን፥ አንዱ ሰው ወስዶት ልጆቹን ድሮ የልጅ ልጁን ያያል፤ ሌላው ግን በጀመረ በጥቂት ወር ይሞታል። ይህ ስለ ምን ይሆናል? ብዙ ሰው «ዕድሉ ነው» ብሎ ይተወዋል። ሐኪሞች የየሆስፒታሉን መዝገብ መርምረው ያገኙትን ምክንያት ብትሰሙ ግን፥ አብዛኛው በሰው እጅ ያለ ነገር መሆኑን ትረዳላችሁ።

መድኃኒቱ በአገራችን በ1995 ዓ.ም. በገንዘብ መሰጠት ጀመረ፤ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ግን ያለ ዋጋ ይታደላል። በቀድሞው ጊዜ ሕመምተኛው የሰውነቱ ኃይል እስኪወርድ ድረስ እንዲጠብቅ ይደረግ ነበር። ከ2009 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ግን በምርመራ የተገኘበት ሰው ሁሉ ሳይውል ሳያድር እንዲጀምር ተፈቀደ። ይህ የሆነበት ምክንያት አለው።

በደማችን ውስጥ ሐኪሞች ሲዲ ፎር የሚሉአቸው የሰውነት ዘበኞች አሉ። ተሕዋሲው የሚገድለው እነዚህን ነው። ቁጥራቸው በአንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ደም ከ200 በታች ከወረደ፥ ሰውየው ቅጥሩ እንደ ፈረሰ ቤት ይሆናል። መድኃኒቱ ተሕዋሲውን በጥቂት ሳምንት ያስታግሠዋል፤ የሞቱት ዘበኞች ግን እስኪተኩ ብዙ ወር፥ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃሉ። በዚህ መካከል የሳንባ ነቀርሳ ወይም የአንጎል ሽፋን ደዌ ይገባል። ስለዚህ ዘግይቶ ከመጣው ሰው መካከል ሞት የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ይህን ያየ ጎረቤት «መድኃኒቱ ገደለው» ይላል። የገደለው ግን መዘግየቱ ነው።

ሐኪሞች ሕመምተኛውን ሲመዘግቡ ሥራውን የሚሠራ፥ የሚመላለስ ግን የማይሠራ፥ አልጋ የያዘ ብለው በሦስት ይከፍሉታል። አልጋ ይዞ በቃሬዛ የመጣው፥ ክብደቱ የቀነሰው፥ ደሙ ያነሰው፥ ከሁሉም ይልቅ የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው ሥጋቱ ብዙ ነው። የሳንባ ነቀርሳን ለመከላከል አይዞናያዚድ የሚባል መድኃኒት ይሰጣል፤ ይህን የሚሰጡትን ሰው «በቃኝ፥ ኪኒን በዛብኝ» ሲል ብትሰሙ ምከሩት። ስለ ምግብም አንድ ነገር ልጨምር። ቆጮ የአገራችን በረከት ነው፤ ሆድ ይሞላል፥ ሥጋን ግን ብቻውን አይጠግንም። ባቄላ፥ አተር፥ ወተትና እንቁላል ከተገኘ ይጨመርበት።

ከጀመሩ በኋላ ደግሞ ዋናው ነገር ሳያቋርጡ መውሰድ ነው። በቤተ ክርስቲያን ያደግን ሰዎች ሰዓት መጠበቅ ምን እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ይህም እንደዚያው ነው። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ተሕዋሲው ይነሣል፤ አንዳንዱም መድኃኒቱን ለምዶ የማይበገር ይሆናል። ሳያቋርጥ የወሰደ ሰው ግን ተሕዋሲው በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ያንሳል፤ በዚያም ጊዜ በሩካቤ ወደ ባልንጀራው አይተላለፍም።

ሰው ስለ ምን ያቋርጣል? አንዱ ምክንያት ጠበል ነው፤ ይህን መሸሽ አልወድም። በሐይቁ መካከል ካለው ከቂርቆስ ደሴት ጀምሮ የወንጪ ውኃ ሁሉ ፈውስ የሚፈለግበት ነው። ጠበል የገባ ሰው ግን ኪኒኑን ይጣል ያለው ማን ነው? በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት እንደማይቃረኑ ለምእመናን በግልጥ ተናግረዋል። ሁለተኛው ምክንያት ሐሜት ነው። ከሚስቱ ወይም ከእናቱ ሸሽጎ የሚውጥ ሰው፥ እንግዳ በመጣ ቀን ሳይውጥ ያድራል። በቤቱ አንድ የሚያስታውሰው ሰው ያለው ይሻላል። ሦስተኛው መንገድ ነው፤ ከዚህ እስከ አምቦ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፥ ወደ ወሊሶም መውረድ አለ፤ በክረምት ሁለቱም ይከብዳል። ደኅና ለሆነ ሕመምተኛ ግን የሦስት ወይም የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይሰጣል። ይህን የማያውቅ ብዙ ሰው አለ።

ሕፃናት ከሁሉ ይብሳሉ። ካልታከሙ ግማሽ ያህሉ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። በደቡብ አፍሪቃ በተደረገ ጥናት፥ በተወለዱ በጥቂት ሳምንት የጀመሩት ሕፃናት ሞት በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። ለትምህርት የደረሰውም ልጅ ቢሆን ሰዓቱን የሚጠብቅለት ሌላ ሰው ነው። መምህራን ሆይ፥ ልጅ በቀጠሮው ቀን ቢቀር ስለ ምን ቀረህ ብላችሁ በጓደኞቹ ፊት አትጠይቁት።

እኔ ጸሐፊ ነኝና የመዝገብ ነገር ይገባኛል። በጤና ጣቢያ መዝገብ «ጠፋ» ተብሎ የሚጻፍ ሕመምተኛ አለ። በአፍሪቃ ልዩ ልዩ አገሮች ቤት ድረስ ተሄዶ ሲፈለግ፥ ከነዚህ ከጠፉት ብዙዎቹ ሞተው ተገኝተዋል፤ ከፊሎቹ ወደ ሌላ ጣቢያ ሄደዋል፤ የቀሩትም አፍረው ቤታቸው የተቀመጡ ናቸው። ያፈረውን ሰው በጎረቤት የምታገኙት እናንተ ሽማግሎች ናችሁ። አንድ ዓመት አቋርጦም ቢሆን ወደ ጣቢያው ቢሄድ፥ እንደ ገና መርምረው መድኃኒቱን ይሰጡታል።