እስከ ሰኞ ጋምቤላ ምን ይሠራል?

ዛሬ የምናወጋው ከስቱዲዮ ሆነን አይደለም። ያለሁት ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ፣ መንገደኞች ከሚወጡበት በር አጠገብ፣ ጥላ ሥር ነው። በንግግሬ መሐል የሻንጣ ጋሪ ሲንኳኳ ብትሰሙ አይግረማችሁ፤ ቆርጦ እንዳያወጣው ቴክኒሻኑን ለምኜዋለሁ።

እዚህ ቁጭ ብዬ ሳለሁ አንድ ሻንጣ የሚያወርድ ወጣት ቀረበኝና «መምህር፣ የሚያስተምሩት ምንድን ነው?» አለኝ። «መዝናናት» አልኩት። ሳቀ። «ለመዝናናት ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልጋል? ገንዘብ ነው እንጂ!» አለና ጋሪውን እየገፋ ሄደ። ልጁ ግማሹን እውነት ተናግሯል። እኔ የማወራችሁ ስለ ሌላው ግማሽ ነው።

ትንሽ ቆይቶ የአዲስ አበባው አውሮፕላን አረፈ። በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው መንገድ በአየር ከአንድ ሰዓት ጥቂት ቢያልፍ ነው። ቦሌ ላይ ጃኬት ደርቦ የተሳፈረው ሰው ደረጃውን ሳይጨርስ ጃኬቱን ክንዱ ላይ አጥፎታል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከተማ ተነስቶ 500 ሜትር ገደማ ላይ ወርዷልና። ዕለቱ አርብ ነው። አንዱ እንግዳ ሾፌሩን «ቀጠሮዬ ሰኞ ጠዋት ነው፤ እስከዚያ እዚህ ምን ይሠራል?» ሲል ሰማሁት። ሾፌሩም በቅንነት «ሆቴልዎ አረፍ ይበሉ፤ ሙቀቱ አያስወጣዎትም» አለው።

እኔን ያሳሰበኝ ይህች መልስ ናት። እንግዳው ሁለት ቀን ተኩል ነፃ ጊዜ ይዞ መጥቷል፤ ከተማዋ ደግሞ ባሮን የመሰለ ወንዝ ይዛለች። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ግን የለም። በመሐል የጎደለው ሰው የሚሠራው ሥራ ነው የመዝናኛ ትምህርት መስክ የሆነው።

በመጀመሪያ ቋንቋችንን እንመልከት። አማርኛ ለዚህ ሙያ ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል «ሥራ ፈት» ስድብ ነው፤ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠን ሰው በጥርጣሬ እናየዋለን። በሌላ በኩል እንግዳ ቤታችን ሲገባ «ተጫወቱ እንጂ» እንላለን። ኳስ ተጫወቱ ማለታችን አይደለም፤ አውጉ፣ ዘና በሉ፣ ቤታችን ቤታችሁ ነው ማለታችን ነው። የልጅ ዝላይም፣ ገበጣም፣ የሽማግሌ ወግም «ጨዋታ» በሚል አንድ ቃል ይጠራል። እኔ ለተማሪዎቼ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ የምሰጠው በዚህች ቃል ላይ ነው። ሙያው ሰዎች በነፃ ጊዜያቸው «እንዲጫወቱ» ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ መሣሪያውንና ደኅንነቱን ማሰናዳት ነውና።

ቅንጦት ነው የሚል ካለ ሕጉን ይመልከት። የ1948ቱ የዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 24 የእረፍትና የመዝናኛ ጊዜን ለሁሉም ሰው መብት አድርጎታል። የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 የሠራተኛን የእረፍትና የመዝናኛ መብት ያነሳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ፣ በሳምንትም ሳይቆራረጥ 24 ሰዓት እረፍት እንዲሰጥ ያዛል። እነዚያ 24 ሰዓታት በምን ይሞሉ? ሕጉ እዚያ ላይ ዝም ይላል። የሙያው ሥራ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ሙያው ከየት መጣ ለሚል አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ለጋምቤላ ወጣት የሚጥም ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ በሚባል ከተማ፣ በወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ማሠልጠኛ ውስጥ፣ ተማሪዎች በክረምቱ ብርድ ታግተው ተሰላችተው ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ሉተር ጉሊክ አንዱን መምህር ጠርቶ «አዳራሽ ውስጥ የሚሆን፣ ሰው የማይጎዳ ጨዋታ በሁለት ሳምንት ፈልግልኝ» ይለዋል። መምህሩ ጄምስ ኔይስሚዝ ሁለት የኮክ ፍሬ መልቀሚያ ቅርጫቶች የአዳራሹ ሰገነት ላይ ሰቀለ። ቅርጫት ኳስ እንዲህ ተወለደ። ማንም ሜዳ ላይ እየተንጎራደደ በአጋጣሚ ያገኘው አይደለም፤ የሥራ ትዕዛዝ ነበር። ችግሩ ተለየ፣ ተጠቃሚው ታወቀ፣ ቦታው ተለካ፣ ጉዳት የሚያመጣው ተወገደ፣ ከዚያ ተሞከረ። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የምናስተምረው የዕቅድ አወጣጥ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ያው ጉሊክ በ1906 የአሜሪካ የመጫወቻ ሜዳዎች ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ፤ መስኩም ስሙን እየያዘ የሄደው ከዚያ ወዲህ ነው። የዚያ የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር የኢትዮጵያ ቅርንጫፍ፣ በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ያደጉ አባቶች ወወክማ እያሉ የሚያስታውሱት፣ ለብዙ የከተማ ልጅ የመጀመሪያው የስፖርት ቤት ነበር።

ወደ ጋምቤላ እንመለስ። የዛሬ መቶ ዓመት የዚህች ከተማ በር ወንዙ ነበር። አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በ1902 እ.ኤ.አ. በተፈራረሙት ውል ባሮ ዳርቻ ላይ ለእንግሊዞች የንግድ ሠፈር ተፈቀደ፤ በክረምት ውሃው ሲሞላ ከካርቱም የእንፋሎት መርከብ እየመጣ ቡና ጭኖ ይመለስ ነበር። ሠፈሩ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ በሩ ይህ የአውሮፕላን ማረፊያ ሆኗል። በሩ ሲቀየር ግን የወንዙ ታሪክ ለእንግዳው የሚነግረው አጣ። ለመዝናኛ ባለሙያ ይህ ያልተነካ ሀብት ነው፤ ከአሮጌው ወደብ ተነስቶ በወንዙ ዳር የሚሄድ፣ ታሪኩን የሚያውቅ ሰው የሚመራው የሁለት ሰዓት የእግር ጉዞ የሚጠይቀው ወጪ ትንሽ ነው።

ደግሞ ብሔራዊ ፓርኩ አለ፤ ከ4,500 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ። ነጭ ጆሮ ቆርኬ ሣርና ውሃ ተከትሎ ድንበሩን እየተሻገረ ከደቡብ ሱዳን ይመጣል፣ ይሄዳል። ከድንበሩ ማዶ በአየር ተደርጎ በ2024 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ይፋ የሆነ ቆጠራ፣ ከዘመዶቹ ጋር ቁጥሩን ወደ 6 ሚሊዮን አድርሶታል። በምድር ላይ ካሉት የእንስሳት ፍልሰቶች ትልቁ ነው የተባለለት ጉዞ አንዱ ጫፍ እዚህ ነው። አሁን ከእኔ ጋር በር ላይ ከቆሙት መንገደኞች ስንቱ ይህን ያውቅ ይሆን?

ሀብት አለ ማለት ግን ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ትልቁን ምሳሌ ከባሮ ልውሰድ። ባሮ ውስጥ አዞ አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 አንድ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ ከጓደኞቹ ጋር ሊዋኝ ገብቶ፣ አዞ እዚሁ ጋምቤላ ገድሎታል። የአካባቢው ሰው የትኛው ዳርቻ ለመታጠቢያ እንደሚሆንና የትኛው እንደማይደፈር ያውቃል፤ እንግዳ አያውቅም። በእኛ መስክ «የአደጋ አያያዝ» የሚባለው ትምህርት ይህንኑ የነዋሪ ዕውቀት ይዞ ምልክት ማቆም፣ ክልል ማበጀት፣ ነፍስ አድን ዋናተኛ ማሠልጠን፣ ጀልባ ላይ የሚወጣ ሰው ሁሉ የመንሳፈፊያ ሰደሪያ እንዲለብስ ማድረግ ነው። ተማሪዎቼ ይህን ትምህርት አይወዱትም፤ ደረቅ ነው ይላሉ። እኔ ግን ሌላውን ሁሉ ቢረሱ ይህን እንዲያስታውሱ እመርጣለሁ።

ሙቀቱም የዕቅድ ጉዳይ ነው። ሾፌሩ «አያስወጣዎትም» ያለው ስለ ቀትር ከሆነ ልክ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያ ደግሞ ከ11 ሰዓት በኋላ ግን ጋምቤላ ሌላ ከተማ ናት። ቀትር ላይ የተያዘ ጨዋታ ተጫዋች አያገኝም፤ ከዚያ «ሕዝቡ ፍላጎት የለውም» ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። እንዲህ ያለ ሪፖርት አንብቤያለሁ።

አሁን ትንሽ የሚያስቀይም ነገር ልናገር። መዝናኛ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ቱሪስት ይሮጣል። እኔ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል ባይ ነኝ። የከተማዋ ልጅ አመሻሽ ላይ የሚሄድበት ሜዳ ከሌለ እንግዳውም የሚያየው ሕይወት አይኖርም። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ በወር አንድ እሁድ ጥቂት መንገዶችን ለመኪና ስትዘጋ ያስፈለጋት ሕንፃ አልነበረም፤ ውሳኔና ጥቂት አስተባባሪ ነበር። ሲንጋፖር አውሮፕላን ማረፊያዋ ውስጥ የቢራቢሮ አትክልት ቦታና 40 ሜትር ፏፏቴ ሠርታለች። እሰየው! ለእኛ ለጊዜው አንድ የማንጎ ጥላ፣ አግዳሚ ወንበርና ግድግዳ ላይ የተሳለ የከተማ ካርታ ብዙ ነገር ይለውጣሉ።

«ነዋሪው» ስንል ማንን ነው? እዚህ ላይ ጥያቄው ይከብዳል። ኢትዮጵያ በ2005 ዓ.ም. የጊዜ አጠቃቀም ጥናት አካሂዳለች፤ ሴቶች ያለ ክፍያ በሚሠሩት የቤት ሥራ ከወንዶች እጅግ የበለጠ ሰዓት እንደሚያጠፉ አሳይቷል። ስለዚህ በ11 ሰዓት ሜዳ ተከፍቶ «ሁሉም መምጣት ይችላል» ቢባል፣ በዚያች ሰዓት እሳት የምታነድደው ልጅ አትመጣም። ባለሙያው በሩን መክፈቱ አይበቃም፤ ማን እንዳልመጣና ለምን እንዳልመጣ መቁጠር አለበት። በክልሉ ባሉት የስደተኛ መጠለያዎችም፣ በኩሌ፣ በጄዊ፣ በፒኙዶ፣ ጨዋታ ከጦርነት ለሸሸ ልጅ የሕክምና ያህል ነው፤ በሌላው ዓለም በሆስፒታል ውስጥ በጨዋታና በእንቅስቃሴ የሚያክሙ የሠለጠኑ ሰዎች አሉ።

ባህሉም የራሱ አስተማሪ አለው። የኑዌር ወጣት የሚወደውን በሬ ስም ለራሱ ይወስዳል፤ ስለ በሬውም ይዘፍናል። እዚያ እረኝነቱ የት ላይ አልቆ ጨዋታው የት ላይ እንደሚጀምር ንገሩኝ? ከፈረንጅ መጽሐፍ የተቀዳው «መዝናኛ ከሥራ በኋላ ያለው ጊዜ ነው» የሚለው ትርጉም እዚህ ሲደርስ ይሰነጠቃል። ከአኙዋ፣ ከመዠንገር፣ ከኦፖና ከኮሞ አባቶችና እናቶች ጋር ሳይመክር «የባህል ምሽት» የሚያዘጋጅ ሰው፣ የማን ጭፈራ በምን ጊዜ እንደሚጨፈር ሳያውቅ ነው የሚያዝዘው። በየአገሩ ያየሁትን አንድ ልማድም ልንቀፍ፤ ባለሥልጣን ይመጣል ተብሎ ወጣቶች ፀሐይ ላይ ለሰዓታት እየጨፈሩ ሲጠብቁ። ያ ለእነሱ መዝናኛ አይደለም፤ ሥራ ነው። ሥራ ከሆነ ደግሞ ጥላ፣ ውሃና ክፍያ አለው።

«የት ልማረው?» ለምትሉ፣ በአገራችን መስኩ በብዛት ተበታትኖ ነው የሚገኘው። በአዲስ አበባና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች በስፖርት ሳይንስ፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ በቱሪዝም፣ በወንዶ ገነት በዱር እንስሳትና በኢኮቱሪዝም፣ ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ ሲያሠለጥን በቆየው በአዲስ አበባው የቱሪዝም ማሠልጠኛ ደግሞ በመስተንግዶና በአስጎብኚነት በኩል ትገቡበታላችሁ። የሥራ ማስታወቂያ ላይ «የመዝናኛ ባለሙያ» የሚል ርዕስ እየፈለጋችሁ አትድከሙ፤ ብርቅ ነው። ሥራው በሌላ ስም ተቀምጧል፤ በወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት፣ በፓርክ፣ በሆቴል፣ በትምህርት ቤት፣ በእርዳታ ድርጅት። በደመወዝ ሀብታም ያደርጋል አልላችሁም። የመጀመሪያ እርዳታ፣ ዋና፣ የሒሳብ አያያዝ፣ ከዚያ ደግሞ ኑዌርኛና አኙዋኛ የሚችል ልጅ ግን እዚህ አገር ላይ ከእኔ ዲግሪ የበለጠ ያስፈልጋል።

ከጋምቤላ የተነሳውን ጋቶች ፓኖምን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከኢትዮጵያ ቡና በ2017 እ.ኤ.አ. ወደ ሩሲያው አንዚ የሄደውን የብሔራዊ ቡድን አማካይ። ልጆች እሱን እያዩ ኳስ ይመታሉ፤ ደግ ነው። ከሺህ አንዱ እሱን ይሆን ይሆናል። የእኔ ሙያ ደንበኞች የቀሩት 999ኙ ናቸው፤ በ40 ዓመታቸውም ኳስ መምታት የሚፈልጉት።

ሌላ አውሮፕላን ሊያርፍ ነው መሰለኝ፤ ሰዉ ተነሳ። ሻንጣ የሚያወርደው ወዳጄ እንደገና መጥቶ አጠገቤ ቆሞ ሲያዳምጥ ነበር። እስቲ አንተ ንገረኝ፣ ያ የአርቡ እንግዳ እስከ ሰኞ ምን ያድርግ አልኩት። አሰብ አደረገና «ነገ ጠዋት በ12 ሰዓት ድልድዩ ጋ ይምጣ። ዓሣ የሚያጠምድ አጎት አለኝ። ቀትር ላይ ይተኛ። ማታ ሠፈራችን ሜዳ ጨዋታ አለ፤ በረኛ ጎድሎናል» አለ። ዋጋውስ ብለው «አጎቴን መጠየቅ አለብኝ» ብሎ ጋሪውን ይዞ ወደ በሩ ሄደ።