ጠይብነት በትንሽ ጡብ፦ ሃይፋ ላይ የቀረበ ዲስኩር



የዛሬው ዲስኩር ስለ ሌጎ ነው። ርእሱ ሲነገር ከኋላ ወንበር የሳቁ አሉ፤ አልቀየማቸውም። ልጆቹን አሳድጎ የዳረ ሰው ማታ ከሥራ ገብቶ የፕላስቲክ ጡብ በቀለም በቀለሙ ሲለቅም ቢታይ «ምን ነካው?» መባሉ አይቀርም። እኔ ግን ይህ ሥራ ከግንበኝነት የሚቆጠር ነው ብዬ ልሟገት ቆሜያለሁ። ከዚያም አልፌ፣ ይህች ከተማና ይህ የቤተ እስራኤል ሕዝብ ለዚህ ሥራ የተመቹ ናቸው እላለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ እዚህ በለመድነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

የጡቡ አባት ዴንማርካዊ አናጢ ነበር። ኦሌ ኪርክ ክሪስቲያንሰን በቢሉን መንደር ቤት ሲሠራ ኖሮ፣ የዓለም ገበያ ሲወድቅ ቤት የሚያሠራ ጠፋና በ1932 ከእንጨት መጫወቻ ወደ መሥራት ገባ። በ1949 ያወጣቸው የፕላስቲክ ጡቦች የእንግሊዛዊውን የሂላሪ ፊሸር ፔጅን ጡብ አርአያ ያደረጉ ነበሩ፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ሆዳቸው ባዶ ስለነበረ ግን አጥብቀው አይያያዙም፤ ከፍ ብሎ የተካበው ሲነካ ይናዳል። መላው የተገኘው በልጁ በጎትፍሬድ ጊዜ ነው። በጡቡ ሆድ ውስጥ ክብ ቱቦዎች ተጨመሩና የታችኛው ጡብ ጉብታዎች በቱቦውና በግድግዳው መካከል ተቀርቅረው የሚቀሩ ሆኑ። የፈጠራ መብቱ ማመልከቻ የገባው ጃንዋሪ 28 ቀን 1958 ነው። የዚያ ዘመን ጡብ ዛሬ ከፋብሪካ ከወጣው ጋር ይገጥማል።

ልኩን ልብ በሉልኝ፤ የኋላው ነገር ሁሉ በእሱ ላይ የቆመ ነውና። ከአንድ ጉብታ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል 8 ሚሊ ሜትር ነው። የጡቡ ቁመት 9.6 ሚሊ ሜትር፣ ስስ የሆነው ጠፍጣፋ ቁራጭ ደግሞ የዚያ ሲሶ፣ 3.2 ሚሊ ሜትር። አምስት ስስ ቁራጮች ሲደራረቡ 16 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ፤ 16 ሚሊ ሜትር ደግሞ የሁለት ጉብታ ስፋት ነው። በዚህ ምክንያት ጡብን በጎኑ አስተኝቶ ከቆመው ጋር ያለ ክፍተት መግጠም ይቻላል። ልጅ ወደ ላይ ብቻ ይክባል፤ የበሰለው ሠሪ ወደ ጎንም፣ ገልብጦም ይሠራል። ሶረን አይለርስ የተባለ የኮፐንሀገን የሒሳብ ሊቅ እንዳሰላው፣ አንድ ቀለም ያላቸው ስድስት ባለ ስምንት ጉብታ ጡቦች በ915,103,765 ዓይነት መንገድ ሊገጣጠሙ ይችላሉ። ስለ ጥንካሬው ደግሞ የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በ2012 ባለ አራት ጉብታ ጡብ በመጫኛ ማሽን ሲፈትን፣ ጡቡ የተሸነፈው ከ400 ኪሎ በላይ ሲጫነው ነው።

ኩባንያው አዋቂ ደንበኞቹን ለረጅም ጊዜ ብዙም አልሰማቸውም። እነሱ ግን አልጠበቁትም። በ1995 ጄምስ ጀሲማን የተባለ አውስትራሊያዊ በኮምፒዩተር ላይ ጡብ በጡብ ሞዴል የሚነደፍበትን ፕሮግራም አወጣ፤ በ2000 ደግሞ ዳን ዬዜክ ቁራጭ በቁራጭ የሚገዛበትና የሚሸጥበት ብሪክሊንክ የተባለ የኢንተርኔት ገበያ ከፈተ፤ ኩባንያው ራሱ በ2019 ገዛው። በ2003 እና በ2004 ሌጎ ለመክሰር ተቃርቦ ነበር። ዛሬ ግን ለእነዚሁ አዋቂዎች ሳጥኑ ላይ «ከ18 ዓመት በላይ» የሚል ተጽፎ ይሸጣል፤ 9,090 ቁራጭ ያለው ታይታኒክ፣ 10,001 ቁራጭ ያለው ኤፍል ማማ።

ሰብሳቢ የሚባሉት ሌላ ወገን ናቸው። ሁለት የሩሲያ ተመራማሪዎች ከ1987 እስከ 2015 የነበረውን የሁለተኛ እጅ ገበያ አጥንተው፣ ከገበያ የወጡ ሳጥኖች ዋጋ በአማካይ በዓመት 11 በመቶ ያህል እንደሚጨምር አሳይተዋል። ስለዚህ ሳጥኑን ሳይከፍቱ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚያስቀምጡ አሉ። ሕጋዊ ንግድ ነው፤ አልከለክልም። ግን ያልተከፈተ ሳጥን የያዘ ሰው ከግንበኞች ወገን አልቆጥረውም።

አሁን ወደ ከተማችን ልምጣ። ጡብ ተዳፋት አያውቅም፤ የሚያውቀው ደረጃ ነው። ሃይፋ ደግሞ የደረጃ ከተማ ናት። ከቤን ጉሪዮን ጎዳና ወደ ካርሜል ተራራ ቀና ስንል የምናየው የባሃኢ የአትክልት ቦታ በ2001 ለሕዝብ ሲከፈት 19 እርከኖች ነበሩት። ንድፉ የፋሪቦርዝ ሳህባ ነው፤ የዴልሂውን የሎተስ ቤተ መቅደስም የነደፈው እሱ ነው። ከታች እስከ ላይ ያለው ከፍታ 225 ሜትር፣ ርዝመቱ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ይህን ልሥራ የሚል ሰው መጀመሪያ ጡብ አያነሳም፤ እርሳስ ያነሳል። በ1978 የወጣው ትንሹ አሻንጉሊት፣ የሌጎ ሰው፣ ቁመቱ አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ በእሱ ልክ ከተሠራ ልኩ በግምት ከ42 አንድ ነው። በዚያ ልክ ተራራው ከአምስት ሜትር በላይ ይቆማል፤ ሳሎን አይችለውም። ከሺህ አንድ ብናደርገው ግን ኪሎ ሜትሩ አንድ ሜትር፣ ከፍታው 22 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። ይህም 70 ስስ ቁራጭ ሲደራረብ ነው። ለ19 እርከን ሲካፈል ለአንዱ አራት ቁራጭ እንኳ አይሞላም፤ ሦስቱን እዚህ፣ አራቱን እዚያ እያደረጉ ማመጣጠን የሠሪው ዓይን ነው። በእርከኖቹ መሐል ያለው፣ ወደ 12,000 በሚጠጉ ወርቅማ ንጣፎች የተሸፈነው ጉልላት ያለበት ሕንፃ 40 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በዚህ ሞዴል ላይ የአንድ የሌጎ ሰው ቁመት ብቻ ይኖረዋል። አሥራ ሁለት ሺሁ ንጣፍ በአንድ ወርቃማ ክብ ቁራጭ ይተካል። ምን እንደሚቀር፣ ምን እንደሚጣል መወሰን እዚህ ላይ ይጀምራል፤ ከሥራው ሁሉ ከባዱም ይኸው ነው።

ካርሜሊትን ደግሞ አስቡት። ከ1959 ጀምሮ ከታችኛው ከተማ ወደ ካርሜል አናት በስድስት ጣቢያዎች የሚወጣው ይህ ባቡር ወለሉ ራሱ ደረጃ ነው። ለጡብ የተሰፋ ይመስላል። በሃዳር ሰፈር ያለው የቀድሞው የቴክኒዮን ዩኒቨርሲቲ ሕንፃ፣ አሌክሳንደር ባርዋልድ የነደፈው፣ ዛሬ የሳይንስ ሙዚየም የሆነው፣ ግራና ቀኙ የተመጣጠነ ስለሆነ ለጀማሪ እሱን እመክራለሁ።

ስለ እኛ ልናገር። አባቶቻችን በጎንደር ምን ይባሉ እንደነበር እዚህ ያሉ ሽማግሌዎች ያውቃሉ። ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔ፣ ግንበኛ ነበሩ፤ ሥራቸው ተፈልጎ እነሱ «ቡዳ» ይባሉ ነበር። ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን መናገሻው ካደረገ በኋላ በተሠሩት ግንቦችና አብያተ ክርስቲያናት ላይ የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች መሥራታቸውን ትውፊታችን ይናገራል፤ ጄምስ ኩዊሪንን የመሰሉ የታሪክ ሰዎችም ጽፈውታል። ለሙያቸው ማዕረግና መሬት ያገኙም ነበሩ። እናቶቻችን ደግሞ ጎንደር አጠገብ በወለቃ መንደር ከሸክላ ትንንሽ ምስሎች እየሠሩ ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር፤ አንበሳ፣ ሰው፣ ጎጆ። ሞዴል ሠሪዎች ነበሩ ማለት ነው፤ ያውም እንጀራቸውን ያገኙበት። እንግዲህ የልጅ ልጃቸው በትንሽ ጡብ ቢሠራ ከየት አመጣው ይባላል?

የፋሲል ግንብ በጡብ አያስቸግርም። አራት ማዕዘን ነው፣ አናቱ እንደ ጥርስ የተከረከመ ነው፣ አራቱ ክብ ማማዎች ብቻ ሐሳብ ይፈልጋሉ። የሚያስቸግረው ጎጆ ነው፤ ጡቡ ማዕዘን፣ ቤታችን ክብ። መፍትሔው ግድግዳውን 12 ጎን አድርጎ በማጠፊያ ቁራጭ ማያያዝ ነው፤ ትንሽ ራቅ ብለው ሲያዩት ክብ ነው። ጣሪያውን 12 ባለ ሦስት ማዕዘን ክንፍ አድርጎ በገለባ ቀለም ሠርቶ መሐል ምሰሶው ላይ ማስደገፍ ይቻላል። ልኩንም ለማስላት ሜትር አያስፈልግም። ክንድ ግማሽ ሜትር ያህል ከሆነ፣ በሌጎ ሰው ልክ ሁለት ክንድ ሦስት ጉብታ ይሆናል። ወርዱ 12 ክንድ የሆነ ጎጆ 18 ጉብታ ነው። አያቶቻችን ቤት በክንድ ይለኩ ስለነበር ሒሳቡ ለእነሱ ከእኛ ይልቅ ይቀርባል።

ብዙዎቻችን በ1984 በሱዳን በረሃ፣ በ1991 በአንድ ቀን ተኩል በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ስንመጣ የመንደራችንን ፎቶግራፍ አልያዝንም። የመንደሩ አቀማመጥ ያለው በሽማግሌዎች አእምሮ ብቻ ነው፤ መስጊድ የምንለው ጸሎት ቤታችን የት ቆሞ እንደነበር፣ ሴቶች በወር አበባ ጊዜ የሚቆዩበት የመርገም ጎጆና በዙሪያው የተደረደረው ድንጋይ ከወንዙ ምን ያህል ይርቅ እንደነበር፣ የቀጥቃጩ ወናፍ በየትኛው ዛፍ ሥር እንደነበር። በወረቀት ላይ ንድፍ ስታሳዩአቸው «እሺ፣ ጥሩ ነው» ብለው ያልፋሉ። በቆመ ሞዴል ፊት የተቀመጠ ሽማግሌ ግን ዝም አይልም። «በሩ ወደዚያ ነው የሚዞር፤ ይህ ቤት የወንድሜ ነው፣ ወዲህ አምጣው» ይላል። ጡብ ደግሞ ይነቀላል፤ ይታረማል። ሸክላ አንዴ ከተተኮሰ፣ ካርታ አንዴ ከታተመ እንዲህ አይታረምም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ መንደሮቻችንን በጡብ እንድንሠራ ነው። በአምቦበር መንደር የስግድን በዓል ያከበራችሁ አባቶችና እናቶች አሁንም በመካከላችን አላችሁ፤ የመጀመሪያው መንደር አምቦበር ይሁን። ወጣቶች፣ በዚህ ሳምንት አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ የቤቱን ወርድ በክንድ፣ ከቤት እስከ ወንዝ ያለውን በእርምጃ ጻፉ። ልጆቻችሁ ያደጉበት ሌጎ በከረጢት ታስሮ በረንዳ ላይ ያለ ወላጆች፣ አትጣሉት፤ የተሰበረውን ለዩና ቡናማውን፣ ግራጫውንና የገለባ ቀለም ያለውን አምጡልን።