የቤተሰብ ቁጥርና የከተማ ቦታ
(ለባለትዳሮች ከተደረገ ንግግር)



ብዙዎቻችን የገበሬ ልጆች ነን። ቀደም ሲል አባት ልጁን ሲድር ከማሳው ቆርሶ ይሰጠው ነበር። በአማራ ክልል ግን በ1989 ዓ.ም. ከተካሄደው የመሬት ድልድል ወዲህ ያን ያህል ሰፊ ድልድል አልተደረገም። ከዚያ በኋላ የተወለደ ወጣት ያለው ተስፋ የአባቱ ማሳ ነው፤ ማሳው ካልበቃ ደግሞ ከተማ። ከስማዳ ገጠር ወደ ወገዳ፣ ከላይ ጋይንት ወደ ነፋስ መውጫ፣ ከእስቴ ወደ መካነ ኢየሱስ የሚገባውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከተማው ተጨናነቀ ብሎ የከተማዋን እናት ብቻ መውቀስ ለእኔ ፍርደ ገምድልነት ነው። በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የከተማ ሴት በአማካይ 2.3፣ የገጠር ሴት 5.2 ልጆች እንደምትወልድ አሳይቷል።

ከተማ ሲገባ ግን የመሬቱ ሕግ ሌላ ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ የመንግሥት ሲያደርግ ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር ይፈቅድ ነበር። በ1986 ዓ.ም. ሊዝ መጣ። የ2004 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ ደግሞ ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ እንዲሰጥ ደነገገ።

እስቲ እናስላ። 200 ካሬ ሜትር ቦታ ያላቸው ባልና ሚስት ለ5 ልጆች ቢያካፍሉ ለእያንዳንዱ 40 ካሬ ይደርሰዋል። ማድቤቱ የት ሊሆን ነው? መጸዳጃ ቤቱስ? መግቢያ መንገዱስ? ማዘጋጃ ቤቱም ለእያንዳንዱ ቁራጭ ካርታ ላይሰጥ ይችላል።

ታዲያ ቦታ ያጣው ልጅ ከከተማው ዳር በድብቅ ውል መሬት ይገዛና የጨረቃ ቤት ይሠራል። ስሙ ያምራል፤ ኑሮው ግን ስጋት ነው። መሬት መሸጥ በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት የተከለከለ ስለሆነ ውሉ አያድነውም፤ መንገድ ሲቀየስ ቤቱ ሊፈርስበት ይችላል። ማንኛውንም ውል ከመፈረማችሁ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ቦታው በፕላኑ ለምን እንደተመደበ ጠይቁ።

ስንት ልጅ፣ መቼ የሚለውን ደግሞ እናንተው ማታ ቁጭ ብላችሁ ተመካከሩበት። መርፌው ለ3 ወር ያገለግላል፤ ክንድ ላይ የሚቀበረው እንደ ዓይነቱ ከ3 እስከ 5 ዓመት፣ መዳብ ያለው ሉፕ 10 ዓመት። የሚቀበረውም ሆነ ሉፑ መውለድ ስትፈልጉ ይወጣል። እናንተ ባሎች፣ ሚስቶቻችሁን ከክሊኒኩ በር አድርሳችሁ አትመለሱ፤ አብራችሁ ግቡና ነርሷን ጠይቁ።